ግራ የገባን አምስት ማክሰኞ

ማክሰኞ ማታ ነው። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ስምንት ሰዎች ስኩዌር ዳንስ ልንደንስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆመናል። ሙዚቃው ይሄዳል። ጠሪው ማይኩን አስጠግቶ «ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስ» አለ።

በቀኝ እጄ ተያይዤ ሩብ ዞርኩ። ቀጥሎ ግራ ነው። ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ የሚይዘው የለም። ፊት ለፊቴ የዳንስ ጓደኛዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ቆመዋል። ተኝተዋል እንዴ? ግራ እጃቸውን ከኋላ ያዝኩና ጎተትኳቸው። ተንገዳገዱ። ከመሐል ዞሮ ሊይዛቸው የመጣው ሰውዬ ባዶ ቦታ አገኘና እኔ ላይ ወጣ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ስምንት ትልልቅ ሰዎች ጅብ እንደገባበት በረት ሆንን።

ሙዚቃው ቆመ። «ቤታችሁ ግቡ» አለ ጠሪው። ቤት የሚሉት እያንዳንዱ ጥንድ የተነሣበትን ቦታ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ወደ ቤቴ ያባረረኝ መስሎኝ ነበር።

ይሄው ነገር በዚያው ጥሪ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ አምስት ማክሰኞ በተከታታይ ደረሰብን። ምን እንደተበላሸ፣ ማንን እንደወቀስን፣ ነገሩም በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደተገኘ ልንገራችሁ።

ጨዋታው

ስኩዌር ዳንስ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የካውቦይ ኮፍያና የሚንቦረቀቅ ቀሚስ ነው። እኛ ጋ ያ የለም። ቲሸርትና ስኒከር ነው። አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን አራቱ ጎኖች ላይ ይቆማሉ። ጥሪዎቹን የሚናገረው ሰው ኮለር ይባላል፤ እኔ ጠሪ እለዋለሁ። እያንዳንዱ ጥሪ የአንድ እንቅስቃሴ ስም ነው። ዋናው ነገር የጥሪዎቹ ቅደም ተከተል አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ጠሪው እዚያው እየፈጠረ ይናገራል፤ አንተ ሰምተህ ትሠራለህ፤ ሳትጨርስ ቀጣዩ ይመጣል። እስክስታ ላይ ትከሻህ ቢያመልጥህ ማንም ልብ አይልህም። እዚህ ግን አንድ ሰው ከሳተ ሰባት ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው።

ጨዋታው የቆየ የገጠር ጭፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ ሎይድ ሾው የሚባል የትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎቹን እያሠለጠነ ካንቀላፋበት ቀሰቀሰው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማይክራፎንና ሸክላ ሲበዙ በየከተማው ተስፋፋ። ከዚያ ጠሪዎች አዳዲስ ጥሪ መፍጠር ጀመሩ፤ ማቆሚያም ጠፋ። ሊ ኮፕማን የሚባለው የሎንግ አይላንድ ጠሪ ብቻውን የፈጠራቸው ብዙ ናቸው። በ1974 የተመሠረተው ኮለርላብ የተባለው የጠሪዎች ማኅበር ነው ነገሩን በደረጃ በደረጃ የከፋፈለው። ቤዚክ፣ ሜይንስትሪም፣ ፕላስ፣ ከዚያ ኤ1 እና ኤ2። ከዚያ በላይ ቻሌንጅ ይባላል፤ ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3ኤ፣ ሲ3ቢ፣ ሲ4። ብዙ ሰው ፕላስ ላይ ደርሶ ይበቃኛል ይላል፤ እሱም ወደ መቶ የሚጠጉ ጥሪዎች አሉት። ሲ1 በዚያና በሁለቱ ኤዎች ላይ ሰማንያ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ የምንማረው እሱን ነው።

ጥሪው በዓለም ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ጃፓንም ሂድ ጀርመንም ሂድ ያው ነው። ስለዚህ ቶኪዮ የተማረ ሰው ሜሪላንድ መጥቶ አንድ ቃል ሳያወራ መደነስ ይችላል። እኔን ይሄ ነገር በሌላ በኩል ጠቅሞኛል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች «ጀልባውን ጫን» የሚል ጥሪ ሲሰሙ ጀልባ ይታያቸዋል። ለእኔ «ሎድ ዘ ቦት» እንደ «አበበ» ስም ነው። ስም ደግሞ ትርጉሙን አትጠይቀውም፤ መልኩን ታውቀዋለህ፣ በቃ።

ቻሌንጅ ላይ የሚመጡት ሰዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሒሳብና ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ይበዛል። ማሳቹሴትስ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቴክ ስኩዌርስ የሚባል ክለብ ከ1967 ጀምሮ አለ፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ድሮ በዚህ ደረጃ የሚጠራ ሰው ስለማይገኝ ቡድኖች ቴፕ ከፍተው በካሴት ይማሩ ነበር። እኛ ዕድለኞች ነን። በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ሥጋ የለበሰ ጠሪ አለን።

ሰዎቹ

መስከረም ላይ ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን። ኅዳር ላይ ስምንት ቀረን። ከስምንት ካነሰ ጨዋታው ይጎድላል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ትመጣለህ?» «ጉንፋን ያዘኝ» ማለት ለሰባት ሰው መርዶ ነው። እድር ቢሆን መቅጫ ይኖረው ነበር።

አንድ የሒሳብ አስተማሪ አለ። ሁለት ፕሮግራም የሚጽፉ ባልና ሚስት አሉ። ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ከሁላችንም ፈጣኑ እሱ ነው። እኔ ባለቤቴ ስለማትደንስ ብቻዬን ነው የምመጣው። ብቻቸውን ከሚመጡት ጋር አጣመሩኝ። ጓደኛዬ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ድሮ የትምህርት ቤት ነርስ የነበሩ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቺም እርስዎም ስለሌለው እዚያ በስማቸው ነው የምጠራቸው። እሱን ለመልመድ ራሱ ዓመት ፈጅቶብኛል። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለ።

እሳቸው ደብተር የላቸውም። ካርድ ነው ያላቸው። እያንዳንዱን ጥሪ በአንድ ካርድ ላይ በጥቃቅን ጽሕፈት ይጽፋሉ፤ ሥዕል የለም፣ ቀስት የለም፣ ትርጉሙ ብቻ። እኔ በአንጻሩ አማርኛ ደብተር አለኝ። በቀስትና በቀለም ያሸበረቀ ነው። በደብተሬ እኮራ ነበር።

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች

ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስን የተማርነው በኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ያን ዕለት ሸጋ ሆኖ ወጣ። አምስት ቁራጭ አለው። በቀኝ ሩብ ዙር፣ በግራ ግማሽ፣ በቀኝ ሦስት ሩብ፣ በግራ ግማሽ፣ በቀኝ ሩብ። ከአምስት ሙከራ አምስቱ ተሳካልን። ጠሪው አጨበጨበልን። እቤት ገብቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ቀላል!» ከ«ቀላል» ቀጥሎ ቃለ አጋኖ አለው። እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ፈረሰ። በሚቀጥለውም። ሰው ሲፈርስበት መጀመሪያ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው፤ እኛም ፈለግን።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እኔ ነበርኩ። «ምናልባት ቃሉን አልሰማኸው ይሆናል» አለኝ አንዱ በጣም በትሕትና። ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል። ጠሪው ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ፊደል ለእኔ ብሎ ይናገር ጀመር። ሼም ያዘኝ። ግን በግልጽ ሲነገርም ፈረሰ።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። የስኩዌር ዳንስ ሙዚቃ በደቂቃ ከ120 እስከ 128 ምት አካባቢ ነው፤ ማለትም ፈጠን ያለ እርምጃ። ጠሪው ዝቅ አደረገው። ፈረሰ። ሙዚቃውን ጨርሶ አጠፋና በእግር ብቻ አስኬደን። ጸጥታ ውስጥ ፈረሰ፤ የስኒከር ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብን። ያለ ሙዚቃ፣ በዝግታ፣ ቃሉ እየተሰማ የሚፈርስ ነገር የጆሮም የእግርም ችግር ሊሆን አይችልም። ግን አላሰብንም። ሦስተኛ ተጠርጣሪ ነበረንና።

ሦስተኛዋ ጓደኛዬ ናቸው። በአራተኛው ፍርሻ ማታ፣ ዕረፍት ላይ፣ ውኃ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ዘንድ ነው የተወራው። «ዝም ብላ ትቆማለች እኮ» አለ አንዱ። ሌላዋ «ዕድሜ ነው፤ ለሁላችንም ይመጣል» አለች፤ እንደማዘንም እንደመፍረድም። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ሰምተዋል አልሰሙም አላውቅም። ሲመለሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መቆም ስላለብኝ ነው የቆምኩት» አሉኝ። «ግድ የለም፣ ግድ የለም» አልኳቸው። ይሄ «ግድ የለም» ማለት የኛ ሰው ላለመስማት ሲፈልግ የሚጠቀምበት ቃል ነው።

በአምስተኛው ማክሰኞ ጎተትኳቸው፤ በመግቢያዬ የነገርኳችሁ ያ ነው። ማታውኑ ለጠሪው መልእክት ላኩ። ከእንግዲህ አይመጡም። ስላስተማርከኝ አመሰግናለሁ ብለዋል፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ስድስት ሲኒ፣ ሁለት ብርጭቆ

ቅዳሜ ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ባለቤቴን «ሲኒዎቹን አታንሺያቸው» አልኳት።

ቻሌንጅ ዳንሰኞች እቤታቸው የሚለማመዱበት ብዙ ዘዴ አላቸው። ኮምፒውተር ላይ ስምንት ምስሎችን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ያለው አለ። ዳማ የሚደረድር አለ። እኔ ያለኝ ስድስት ሲኒ ነው። ሁለት ስለጎደለኝ የሻይ ብርጭቆ ጨመርኩ። አንዱን እኔ አልኩት፤ አንዱን ጓደኛዬን። ሲኒ ጆሮ ስለሌለው ፊቱ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። እያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ የገብስ ቆሎ አስቀመጥኩ። ያ አፍንጫው ነው።

«ጥንቆላ ጀመርክ?» አለችኝ። «ስኒ ማንበብ ነው ወይስ ቆሎ መቁጠር?»

ደረደርኳቸው። ጥሪው የሚጀምረው ከዌቭ ነው። ዌቭ ማለት አራት ሰው በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቆሞ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዞሮ፣ እጅ ለእጅ የተያያዘበት ነው። ሁለት ዌቭ ትይዩ ይሆናሉ፤ አራትና አራት። በየመስመሩ ሁለት ሰው ዳር አለ፣ ሁለት ሰው መሐል። ከዳሮቹ አንዱ ወደ ውጭ ያያል፣ ሌላው ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ሌላው ዌቭ። ከመሐሎቹም እንዲሁ።

በመጀመሪያ የተማርንበትን ዕለት አስታወስኩ። ጠሪዎች ሲጀምሩ በአብዛኛው ሄድስ የሚባሉትን ጥንዶች ያስነሣሉ፤ ፊታቸው ወይም ጀርባቸው ወደ ጠሪው የሆነውን ሁለቱን። እኔና ጓደኛዬ ሳይድስ ነን፤ የጎኖቹ። ሄድስ መሐል ለመሐል ተዟዙረው ወደኛ መጡና ዌቭ ሠራን። ያን ጊዜ እኔ ዳር ነኝ፣ ፊቴ ወደ ውስጥ። ቀኝ ሩብ። ብርጭቆዬ መሐል ገባ። ግራ ግማሽ፣ የሚይዘው አለ። ቀኝ ሦስት ሩብ። ግራ ግማሽ፣ አሁንም አለ። ቀኝ ሩብ። አምስቱንም ሠራሁ። ልክ እንደ ደብተሬ።

ከዚያ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠሪው ማቀያየር ጀምሯል፤ ሳይድስን ማስነሣት። ሲኒዎቹን መልሼ ደረደርኩ። አሁን እኔ ዳር ነኝ፣ ፊቴ ግን ወደ ውጭ ነው። ቀኝ ሩብ። ብርጭቆዬ የመስመሩ ጫፍ ላይ ወጣ። ግራ ግማሽ። እጄን ወደ ብርጭቆው ዘርግቼ ቀረሁ። በግራው በኩል ያለው የረከቦቱ ጠርዝ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከላይ ሆና ታያለች። «ይሄ ብርጭቆ ለምን አይሄድም?» አለችኝ።

«በግራው የሚይዘው የለማ።»

«ታዲያ ይቁማ!»

ያቺን «ታዲያ ይቁማ» አምስት ማክሰኞ ሙሉ ስምንት የተማረ ሰው አላላትም። ስምንት እንኳ አይደለም፤ ሰባት።

ሁለተኛውን ብርጭቆ አየሁት። ከፊቴ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። እሱም ጫፍ ላይ ነው። እሱም በግራው ማንም የለም። መቆም ስላለበት ነው የቆመው።

ቀጠልኩ። መሐሎቹ በግራ ዞሩ። ከዚያ ሁሉም በቀኝ ሦስት ሩብ። አሁን የጓደኛዬ ብርጭቆ መሐል ገባ፤ የእኔ እንደገና ጫፍ ወጣ። ሁለተኛው ግራ ግማሽ ላይ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ አሁንም እቆማለሁ። ዞረው ሲመጡ አጠገቤ ደረሱ። የመጨረሻዋን ቀኝ ሩብ ሁለቱ ብርጭቆዎች አብረው ዞሯት። ቀጭ አሉ።

ቡናው ቀዝቅዞ፣ ቆሎው ግማሹ ተበልቶ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በአንድ ጥሪ ውስጥ አራት ዓይነት ዳንስ አለ። በአንዱ ዌቭ ጎን ለጎን ከቆሙት አራት ሰዎች፣ ዳር ሆኖ ወደ ውስጥ የሚያየው አምስቱንም ይሠራል። ዳር ሆኖ ወደ ውጭ የሚያየው ሁለቱንም ግራ ቆሞ ያሳልፋል፤ የሚሠራው ሦስቱን ቀኝ ብቻ ነው። መሐል ሆኖ ወደ ውስጥ የሚያየው የመጀመሪያውን ግራ ሠርቶ በሁለተኛው ይቆማል። መሐል ሆኖ ወደ ውጭ የሚያየው የመጀመሪያውን ቆሞ ሁለተኛውን ይሠራል። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ከአራቱ አንዱን ነው። ያውም የእኔን ቦታ፣ የዚያችን ማታ ቦታ።

ትርጉሙን እንደገና ከፍቼ አነበብኩት። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ፊት አንዲት ቃል አለች። «የሚችሉት»። የሚችሉት በቀኝ ሩብ ይዙሩ፣ የሚችሉት በግራ ግማሽ ይዙሩ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ቀለም ለመቆጠብ ነው መሰለኝ፣ አምስቱንም ጊዜ ጥያታለሁ።

ያስተካከልነው

ለጠሪው ደወልኩለት። ሲኒውን ሁሉ አስረዳሁት። ዝም አለ። ከዚያ «የመጀመሪያው ማታ አምስቱንም ጊዜ ከሄድስ ነው ያስነሣሁት፣ አይደል?» አለ። ልማድ ነው። እጁ የለመደውን አከፋፈት ከፈተ፤ ሁላችንም አምስት ጊዜ ያንኑ መንገድ ሄድን፤ መንገዱን ጥሪው ነው ብለን ያዝነው። አምስት ከአምስት ማግኘታችን ራሱ ነው የጎዳን። ያን ማታ አንዴ እንኳ ብንወድቅ ኖሮ እንጠይቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በመንገድ መማር ውሸት ነው አልልም። ፕላስ ላይ ያደረሰኝ እሱ ነው። እዚያ ጠሪዎች አንድን ጥሪ ከተለመደው ቦታ ነው አብዝተው የሚጠሩት። ሰውነትህ ራሱ ያስታውሳል፤ ጭንቅላትህ ስለ እራት ሊያስብ ይችላል። ሲ1 ላይ ግን የለመድከው ቦታ የሚባል ነገር አይሰጡህም። ጨዋታውም ያ ነው። ሰውነት ብቻ ይዘህ ብትመጣ አይበቃም፤ ከገባህ መልካም፣ ካልገባህ ወዮልህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠሪው አንድ ነገር ለወጠ። አዲስ ጥሪ ሲያስተምር ከመንቀሳቀሳችን በፊት «አሁን የሚቆመው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቆሙት እጃቸውን ያወጣሉ። በዝግታ ስንለማመድም የሚቆም ሰው «ቆሜያለሁ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። መጀመሪያ የሕፃናት ጨዋታ መስሎን ሳቅን። ግን «ቆሜያለሁ» ያለን ሰው ማንም አይጎትተውም። እያንዳንዱን ጥሪ ደግሞ ከአራቱም ቦታ ሳንሞክር ሙዚቃ አይከፈትም። በዚህ ምክንያት በማታ ሦስት አዲስ ጥሪ እንማር የነበርነው ወደ ሁለት፣ አንዳንዴ ወደ አንድ ወርደናል። የሒሳብ አስተማሪው በዚህ ይነጫነጫል። እንዲህ ከሆነ በሰኔ አንጨርስም ይላል፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ለውጥ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ማክሰኞ ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስን ስምንት ጊዜ ጠራው። በጓደኛዬ ቦታ ከሌላ ቡድን አንዲት ሴት ለአንድ ማታ ተበድረን ነበር። ስድስቱ አለፉ። የቀሩት ሁለቱ ራሳቸው ሲፈርሱ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ማን የት እንደሳተ እዚያው አወቅን፣ ሰውዬውም ራሱ «እኔ ነኝ» አለ።

ይህ ማለት ዳንን ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት የዚያው ጥሪ ግልባጭ መጣ። ያው ነው፤ ግን በግራ ይጀምራል፣ እጁ ሁሉ ይገለበጣል። አማርኛችን ሰው ሲደናገር «ግራ ገባው» የሚለው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ታንደም መጣ፤ ከፊትና ከኋላ የቆሙ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሆነው ጥሪውን የሚሠሩበት። ከኋላ ስትሆን ዓለምህ የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ከፊቴ ሲሆን ደስ ይለኛል። ሰፊ ትከሻ አለው፤ ወዴት እንደሚዞር ከመዞሩ በፊት ትከሻው ይናገራል።

ስልክ

ለጓደኛዬ የደወልኩት ከሲኒው ማግስት አይደለም። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። በአማርኛ ቢሆን «ይቅር ይበሉኝ፣ አጥፍቻለሁ» ብዬ እጀምር ነበር፤ እግርም ላይ ይወደቃል። በእንግሊዝኛ «ሶሪ» ነው ያለው፤ በር ላይ የሰው እግር ስትረግጥ የምትለው ያው ሶሪ።

ብርጭቆውን ነገርኳቸው። «ልክ ነበሩ» አልኳቸው። «የቆሙት መቆም ስላለብዎት ነው።»

ሳቁ። «አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

ተመልሰው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ማክሰኞ ማታ አሁን የልጅ ልጃቸውን ከዋና የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ልጁ ውኃ መፍራት ትቶ በጀርባው መንሳፈፍ ጀምሯል። ስለ ልጁ ብዙ አወሩኝ። ስለ ዳንሱ አልጠየቁኝም። ልንሰናበት ስንል ብቻ «ደብተርህ ላይ ጨመርካት? ያቺን ቃል?» አሉኝ።

ጨምሬያታለሁ። በቀይ።

የካቲት ላይ አንድ ማክሰኞ በረዶ ጥሎ ሰባት ሰው መጣን። የሚበደር ሰው አልተገኘም። ጠሪው «እንግዲያው በፋንተም እንደንሳለን» አለ። ፋንተም ማለት የሌለ ሰው ነው። አንዱን ቦታ ባዶ ትተዋለህ፤ ግን ሰው እንዳለበት ቆጥረህ ትንቀሳቀሳለህ፣ እጅህን ትዘረጋለህ፣ ቦታውን ታስከብራለህ። ሰባታችን ስንደለደል ባዶው ቦታ ከእኔ ቀኝ ሆነ፤ የጓደኛዬ ቦታ።

ሳይድስን አስነሣ። ዌቭ ሠራን። «ስዊንግ ዘ ፍራክሽንስ።»

ቀኝ ሩብ። «ቆሜያለሁ» አልኩ። ፊት ለፊቴ ባዶ ወለል ነው። መሐሎቹ በግራ ዞሩ። ቀኝ ሦስት ሩብ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር። «ቆሜያለሁ።» አስተማሪው ግራ እጁን ወደ አየር ዘርግቶ፣ ማንንም ሳይዝ፣ ግማሽ ዞሮ ሄደ። የሌለው ሰው ዞሮ አጠገቤ ደረሰ። ቀኝ እጄን ዘረጋሁና ሩብ ዞርኩ።